አምስት ስልክ፣ አንድ ደዋይ

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ምክርዎን ዘወትር እከታተላለሁ። የኔ ጥያቄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ቤታችን ውስጥ ግን በየሳምንቱ ጭቅጭቅ ያስነሳል። የስልክ ወጪ ነው።

የምኖረው አዘዞ ነው። አምስት ሰዎች ነን፣ አምስት ስልክ አለን። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ ጎንደር መተማ ይመላለሳል። በየሁለት ቀኑ የ50 ብር ካርድ ይሞላል። ጥቅል ግዛ ስለው “ጊዜው አልፎ ይበላብኛል” ይለኛል። ስማርት ስልክ ከያዘ ወዲህ ደግሞ ካርዱ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። ብዙም አልደወልኩም እያለ ይምላል። ወንዱ ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። ከቲክቶክ አይነሳም፤ በየቀኑ የ15 ብር ዕለታዊ ጥቅል ይገዛል። ሴቷ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ለካርድ ብዬ በወር 400 ብር የአየር ሰዓት እልክላታለሁ። እናቴ ዳባት ገጠሩ ውስጥ ናት። ባለ ቁልፍ ስልክ ነው ያላት። በገበያ ቀን እየወጣች በሳምንት 50 ብር ታስሞላለች፤ ለኔና ለእህቶቼ ደውላ ትጨርሰዋለች። እኔም በወር 200 ብር ያህል አወጣለሁ፤ የምደውለው ለእናቴና ለልጄ ነው።

ባለፈው ጎረቤቴ፣ አሜሪካ ያለች እህቷ ለቤተሰቡ በሙሉ አንድ ሂሳብ ብቻ እንደምትከፍልና በጣም እንደሚረክስላት አጫወተችኝ። እኛ አገርስ እንዲህ ያለ የቤተሰብ ጥቅል የለም? ወይስ ሁላችንንም ወደ 07፣ ወደ ሳፋሪኮም፣ ላዙረን? ልጄ “07 ይሻላል” እያለ ጆሮዬን አደንቁሮታል። ባለቤቴ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ የልጁ ነው ባይ ነው። ምን ይመክሩኛል?

የአዘዞዋ እናት»

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ያነሳሁት እስክሪብቶ ነው። የባለቤትሽ 50 ብር በየሁለት ቀኑ፣ በወር 750 ይመጣል። የልጅሽ 15 ብር በየቀኑ፣ 450። ሐዋሳ የምትልኪው 400። የእናትሽ 200። ያንቺ 200። ድምሩ 2,000 ብር ነው። አንቺ ይህን ድምር አልጻፍሽውም፤ ደምረሽው የምታውቂም አልመሰለኝም። አልፈርድብሽም። ካርድ በ15 በ50 እየሆነ ስለሚወጣ ማንም ወጪ ብሎ አይመዘግበውም። ለ2,000 ብር ጤፍ ሦስት ሱቅ ዞረሽ፣ በእጅሽ ዘግነሽ አይተሽ ነው የምትገዢው። ለ2,000 ብር ካርድ ግን ማንም ዞሮ አያውቅም።

ሁለተኛ ያየሁት ነገር አለ። ቤታችሁ ውስጥ የሚወቀሰው ልጁ ነው። ወረቀቴ ላይ ትልቁ ቁጥር ግን የአባቱ ነው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ የጎረቤትሽን ወሬ እናጥራ። እውነቷን ነው፤ አሜሪካ የቤተሰብ ሂሳብ የተለመደ ነገር ነው። ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ሰው በስሙ ሂሳብ ይከፍትና የቤተሰቡን ቁጥሮች ያስገባበታል። የመጀመሪያው መስመር ውድ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ሲጨመር ለእያንዳንዱ መስመር የሚከፈለው ዋጋ ይወርዳል። ስለዚህ አራት ሆነው ሲገቡ ለየብቻ ከመክፈል በጣም ይረክሳል። በየወሩ አንድ ቢል ይመጣል፣ አንድ ሰው ይከፍላል። ያ ሰው ካልከፈለ የሁሉም ስልክ ይዘጋል። ያኛውን ክፍል ጎረቤትሽ የነገረችሽ አይመስለኝም። የእኔም የአክስት ልጆች እዚያ አንድ ሂሳብ ላይ ናቸው፤ «ድርሻህን አልላክህም» የሚለው ጭቅጭቅ ከናንተ ቤቱ አይተናነስም።

እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። አብዛኞቻችን የቅድመ ክፍያ ተጠቃሚዎች ነን። አስቀድመን እንሞላለን፣ እንጨርሳለን፣ ደግመን እንሞላለን። ቅናሹ ያለው በመስመር ብዛት ላይ ሳይሆን በጥቅሉ ላይ ነው። ድርጅቶቹ በየጊዜው አዲስ ስም የተሰጠው ጥቅል ያወጣሉ፤ አንዳንዱ የቤተሰብ ይባላል፣ አንዳንዱ የወጣት፣ አንዳንዱ የበዓል። አንቺ ስሙን ተዪው። ለማን የተሰጠ ደቂቃ ነው? ስንት ቀን ይቆያል? ሲያልቅ ከየት ይቆርጣል? እነዚህን ነው መጠየቅ ያለብሽ።

ደግሞም አንቺ እጅ ላይ አሜሪካኖቹ ድሮ ያልነበራቸው አንድ ነገር አለ። በእኛ አገር የተደወለለት ሰው አይከፍልም። እነሱ ጋ ለብዙ ዓመታት የተደወለለትም ሰው ደቂቃ ይቆጠርበት ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ደቂቃ ያስፈልገው ነበር። እኛ ጋ ግን አንድ ሰው ብቻ ደቂቃ ካለው ሁለቱም ያወራሉ። እስቲ በዚህ ዓይን ቤትሽን እይው። እናትሽ ላንቺ ይደውላሉ፣ በካርድ። አንቺ ለእናትሽ ትደውያለሽ፣ በካርድ። ልጅሽ አንቺ የላክሽላትን ካርድ ተጠቅማ ላንቺ ትደውላለች፤ አንቺም መልሰሽ ለሷ ትደውያለሽ። ያው አንድ ወሬ ነው። ሁለታችሁም በሙሉ ዋጋ ነው የምትከፍሉት፣ ሁለታችሁም ያለ ጥቅል።

ለአምስት ሰው አምስት ጥቅል አያስፈልግም። አንድ ደዋይ ነው የሚያስፈልገው። ደዋይዋ ደግሞ አንቺ ነሽ።

ዛሬ ማታ *999# ብለሽ ግቢ፤ ወይም ቴሌብር ካለሽ እዚያው ጥቅል የሚለውን ክፈቺ። ወርሃዊ የድምፅ ጥቅሎችን ተመልከቺ። ያልተገደበ የሚባለውም አለ፣ ደቂቃው የተቆጠረውም አለ። ዋጋቸውን እዚህ አልጽፍልሽም። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ ስንቱ ዋጋ እንደተቀየረ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ዛሬ የጻፍኩልሽ ቁጥር ነገ ሊያሳስትሽ ይችላል። ማወዳደሪያሽን ግን እነግርሻለሁ። አንቺና እናትሽ አንድ ላይ 400 ብር ታወጣላችሁ። ሐዋሳ ከምትልኪው 400 ውስጥም የተወሰነው ላንቺ መደወያ ነው። የጥቅሉ ዋጋ ከዚህ ድምር ካነሰ ግዢው። ያልተገደበው ከበለጠብሽ ደቂቃው የተቆጠረውን ያዢ፤ እናትሽና ልጅሽ ጋ በሳምንት ስንት ደቂቃ እንደምታወሪ የጥሪ መዝገቡ ላይ ታገኚዋለሽ።

ከዚያ ሥርዓቱን አስለምጃቸው። የሚፈልግሽ ሰው ሚስኮል ያደርጋል፣ አንቺ መልሰሽ ትደውያለሽ። ሂሳብ የሌለው ደግሞ *807* ብሎ ያንቺን ቁጥር አስገብቶ በ# ይዘጋና ደውይልኝ የሚል መልዕክት ይልካል። እናትሽ ይህን ሁሉ መጫን አይችሉም ትዪኝ ይሆናል። ዳባት ስትሄጂ ሙሉውን፣ ከነኮከቡ ከነመሰላሉ፣ ስልካቸው ላይ በስም መዝግቢላቸው። እሳቸው ስምሽን መርጠው አረንጓዴዋን ብቻ ይጫኑ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የእናትሽን 50 ብር ጨርሰሽ አታጥፊው። በወር አንድ ጊዜ ይሙሉ። ሰው ሲታመም፣ ከብት ሲጠፋ፣ ሌሊት የሆነ ነገር ሲሆን ስልክ ውስጥ ሂሳብ መኖር አለበት። ደግሞ አሮጊት እናት በገበያ ቀን ሱቁ ደጃፍ ቁጭ ብለው «እስቲ ልጆቼ ጋ ልደውል» ሲሉ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። ይህን በቁጠባ ስም መንጠቅ ጥሩ አይደለም። እኔ የእናቴን ካርድ ለመቀነስ ብዬ አንድ ጊዜ ሞክሬው፣ ሁለት ሳምንት ኩርፊያ ተርፎኛል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ።

«ጊዜው አልፎ ይበላብኛል» የሚለው ሐሳብ ሞኝነት አይደለም። ብዙ የማይደውል ሰው ትልቅ ጥቅል ገዝቶ ግማሹን ሳይጠቀም ወሩ ያልቅበታል። በወር 750 ብር የሚጨርስ ሹፌር ግን ያ ችግር የለበትም። ረዳቱ አለ፣ የጭነቱ ባለቤት አለ፣ ደላላው አለ፣ መንገድ እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቃቸው ጓደኞቹ አሉ። የእሱ ደቂቃ አይበላሽም። ከጥቅል ውጭ የሚደወል ደቂቃ በጥቅል ከሚደወለው በጣም ይወደዳል። እሱ በየሁለት ቀኑ የሚገዛው ውዱን ነው።

ግን እኔን የቆረቆረኝ ሌላው ዓረፍተ ነገርሽ ነው። ስማርት ስልክ ከያዘ ወዲህ ካርዱ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ብዙም አልደወልኩም ብሎ ይምላል። እኔ አምነዋለሁ። የሚደውለው እሱ አይደለም። ስልኩ ራሱ ነው የሚበላው።

ስማርት ስልክ ኪስ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦም ዳታ ይጠቀማል። አፖቹን ያድሳል። ፎቶዎቹን ወደ ኢንተርኔት ይጭናል። የሹፌሮች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የተለጠፈ ቪዲዮ ሁሉ ሳይነካ በራሱ ይወርዳል። የዳታ ጥቅል ያለው ሰው ይህ ሁሉ ከጥቅሉ ይቆረጥለታል። ጥቅል የሌለው፣ ዳታው ክፍት ከሆነ፣ ከዋናው ሂሳብ ይቆረጥበታል፤ ያውም በውዱ ዋጋ። 50 ብር ሞልቶ ሸህዲ ሳይደርስ ያለቀበት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ማታ ሲተኛ *804# ብሎ ቀሪ ሂሳቡን ይይ። ጠዋት ለማንም ሳይደውል ደግሞ ይይ። ከቀነሰ ሌባው ተያዘ። ያኔ የሞባይል ዳታ የምትለዋን ይዝጋት፤ ሲፈልግ ብቻ ይክፈታት። መንገድ ላይ ኢንተርኔት የግድ ካስፈለገው ትንሽ የዳታ ጥቅል ይኑረው። ልጁ ደግሞ ተቀምጦ የአባቱን ስልክ ያስተካክል፦ ቴሌግራም ላይ በራሱ ማውረድን ይዝጋ፣ አፖቹ በዋይፋይ ብቻ እንዲታደሱ ያድርግ። አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። ቲክቶክ ላይ የተማረው ነገር ለአንድ ቀን ቤተሰቡን ይጥቀም።

ባለቤትሽን ግን «ግዛ» አትበዪው። ሦስት ጊዜ ብለሽው እምቢ ያለ ሰው ለአራተኛ ጊዜ አይሰማም። አንቺው ገዝተሽ ላኪለት። *999# ውስጥም ሆነ ቴሌብር ላይ ለሌላ ሰው ጥቅል መግዛት ይቻላል። አንድ ጊዜ ወርሃዊ የድምፅ ጥቅል በስጦታ ይግባለት። ወሩ መጨረሻ ላይ ስንት ካርድ እንደሞላ ጠይቂው። መልሱን ራሱ ይነግርሻል።

ገንዘቡን የምታስቀምጪበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። አሁን ገንዘባችሁ በሙሉ ካርድ ሆኖ ስልክ ውስጥ ይገባል። ስልክ ውስጥ የገባ ሂሳብ ቀዳዳው ብዙ ነው። ዳታ ይቆርጠዋል፣ መልዕክት ይቆርጠዋል፣ ሳታስቢው ትደውይበታለሽ። ቴሌብር ላይ የተቀመጠ ብር ግን አንቺ የሚስጥር ቁጥርሽን ካላስገባሽ አይነካም። ስለዚህ በወሩ መጀመሪያ የስልኩን በጀት ቴሌብርሽ ላይ አስገቢ። ጥቅል ከዚያው በቀጥታ ግዢ፣ ለሁሉም ከዚያው ላኪ። የሁሉም ስልክ ዋና ሂሳብ ባዶ ቢሆን ወይም ጥቂት ብር ብቻ ቢኖረው አትደንግጪ፤ ጥቅል እስካለ ድረስ ይሠራል። ጎረቤትሽ ያስቀናችሽ የአሜሪካው አንድ ሂሳብ እኮ ይኸው ነው። ቢል አይመጣብሽም እንጂ።

የሚስጥር ቁጥሩን ካነሳሁ አይቀር፦ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ቁጥርዎን ይንገሩን» ብሎ ለሚደውል ማንም እንዳትነግሪ። እናትሽንም ባለቤትሽንም አስጠንቅቂ።

በነገራችን ላይ እኔም የተበላሁበትን ልንገርሽ። ካቻምና ሂሳቤ በየቀኑ ሁለት ሁለት ብር ይቀንስ ነበር። ስልኬን አሰብኩ፣ ልጆቹን ጠረጠርኩ። በኋላ ሳየው በየጠዋቱ ከአንድ አጭር ቁጥር የጤና ምክር ይላክልኛል። «ውሃ ይጠጡ» ይለኛል። ሁለት ብር። «በጊዜ ይተኙ።» ሁለት ብር። መቼ እንደተመዘገብኩ እስካሁን አላስታውስም፤ አንድ ቀን እሺ የሚለውን ነክቼ ይሆናል። ለዚያው ቁጥር በእንግሊዝኛ ስቶፕ ብዬ መልዕክት ስልክ ቆመ። የአምስታችሁንም መልዕክት ሳጥን አገላብጪ፤ በተለይ የእናትሽን። እሳቸው የመጣውን መልዕክት ስለማያነቡ ለወራት ሊቆረጥባቸው ይችላል። እምቢ ካለ 994 ደውለሽ እንዲያጠፉልሽ ጠይቂ።

ወደ ልጁ እንምጣ። በቀን 15 ብር፣ በሳምንት 105 ብር ነው። ዕለታዊ ጥቅል ሜጋባይቱ ሲሰላ ከሳምንታዊና ከወርሃዊ ይወደዳል። ይህ ጨው በቁንጥጫ እንደመግዛት ነው። ታዲያ ወርሃዊ ይግዛ? እኔ ለሱ ዕድሜ አልመክርም። ወርሃዊውን በአሥር ቀን ጨርሶት እንደገና 15 ብር ሊለምንሽ ይመጣል። ሌላም ምክንያት አለኝ። በነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥና ለረጅም ጊዜ ሳይመለስ ሲቀር፣ ለወር ዳታ ገዝቶ ሁለት ቀን ሳይጠቀምበት የቀረ ስንት ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔ ራሴ ለዳታ ከሳምንት በላይ አልገዛም። ለድምፅ ወርሃዊ፣ ለዳታ ሳምንታዊ። የጎንደር ሰው ስሌት ይህ ነው።

ስለዚህ ልጁን ጥሪውና «በሳምንት 80 ብር አለህ፣ ከዚያ በላይ የለም። ሳምንታዊ የሚሻለውን አንተ ፈልግ» በዪው። እመኚኝ፣ ከአንቺም ከእኔም የተሻለ አጥንቶ ይመጣል። ቲክቶክም ሆነ ቴሌግራም ዳታ መቆጠቢያ አላቸው፤ እሱ የት እንዳለ ያውቀዋል። እስካሁን ያልከፈተው የሚቆጥበው የራሱ ስላልሆነ ነው። ከ80ው የተረፈውን ለራሱ ተዪለት።

ዕለታዊ ጥቅል አልፎ አልፎ እፈቅዳለሁ፤ ለጥምቀት ግን አይደለም። ጥር 11 ፋሲለደስ መዋኛው ዙሪያ ያ ሁሉ ሰው በአንዴ ቪዲዮ ሲልክ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ጥቅሉ 24 ሰዓቱን ይጨርሳል፣ ቪዲዮው አሁንም እየዞረ ነው። ቀድቶ ይያዝና ማታ ቤት ሲገባ ይላክ።

ስለ ሐዋሳዋ ልጅሽ የምለው አጭር ነው። 400 ብሩን በአየር ሰዓት አትላኪላት። በቴሌብር ብር አድርገሽ ላኪላት። ካርድ ሆኖ የመጣ ገንዘብ ከስልክ ሌላ ምንም አይሆንም፤ ስለዚህ በስልክ ይጨርሱታል። ብር ሆኖ ሲመጣ ግን ምሳ ነው፣ ፎቶ ኮፒ ነው፣ ሳሙና ነው። ያኔ ካርዱን ራሷ ትቆጥበዋለች። የግቢ ዋይፋይ በሚሠራበት ሰዓት በቴሌግራም ትደውልልሽ። የድምፅ ጥሪ በኢንተርኔት ሲሆን የሚበላው በደቂቃ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ቪዲዮ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ፊቷን ማየት ስትፈልጊ በሳምንት አንዴ፣ ሌላው ጊዜ በድምፅ። ማታ የምታጠና ከሆነ የሌሊት ጥቅሎች ከቀኑ ይረክሳሉ፤ ትያቸው።

አሁን የ07 ነገር። ልጅሽ ያለው መሠረት የለውም አልልም። ሳፋሪኮም በ2015 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለደንበኛው ምርጫ መጥቷል፤ ሁለቱም ለደንበኛ መጫረታቸው ለኔና ለአንቺ መልካም ነው። ዳታው ላይ ልጆቹ ሲያመሰግኑት እሰማለሁ። ሁላችሁንም ግን አታዙሪ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

አዲስ ሲም ማለት አዲስ ቁጥር ነው። የባለቤትሽን 09 ከጎንደር እስከ መተማ ያለ የጭነት ባለቤት ሁሉ ያውቀዋል። ባንኩም፣ ቴሌብሩም በዚያው ቁጥር ነው። ለሹፌር ቁጥር ማለት እንጀራ ነው። ሁለተኛ፣ ከከተማ ውጭ ሰፊው ሽፋን አሁንም የኢትዮ ቴሌኮም ነው። ባለቤትሽ መንገድ ላይ፣ እናትሽ ገጠር ናቸው። እናትሽ ቤት ኔትወርክ ለመያዝ የትኛው ጉብታ ላይ መውጣት እንዳለባቸው ለዓመታት አጥንተውታል፤ እንደ አዲስ አታስጀምሪያቸው። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ቤተሰቡ ለሁለት ሲከፈል የጥቅሉ ደቂቃ ጥቅም ይቀንሳል። ብዙ የድምፅ ጥቅል የሚሰጠው በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ላለ ቁጥር ነው። አንቺ ያልተገደበ ገዝተሽ ግማሹ ቤተሰብ 07 ከሆነ፣ ለነሱ ስትደውዪ ከዋናው ሂሳብ ሊቆረጥብሽ ነው። አንድ ደዋይ ያልኩሽ ዘዴ የሚሠራው ሁላችሁም አንድ ሜዳ ላይ ስትሆኑ ነው። ወደ ሌላ ኔትወርክ ጭምር የሚሠራ ጥቅልም አለ፤ ከመግዛትሽ በፊት ዝርዝሩን አንብቢ።

ልጁ ግን ይሞክር። ስልኩ ባለ ሁለት ሲም ከሆነ 09ኙን ለጥሪ ይተወው፣ 07ቱን ሁለተኛው ቦታ ላይ ለዳታ ብቻ ያስገባ። በ*777# ሳምንታዊ ዳታውን አይቶ ከሌላው ጋር ያወዳድር፤ ጥያቄ ካለው 700 ይደውል። አንድ ወር ቤትም ትምህርት ቤትም ተጠቅሞበት ከ80 ብሩ ውስጥ ካተረፈ አሸነፈ። እሱ ስላሸነፈ ግን አባቱ ቁጥር አይቀይርም።

የቤት ዋይፋይስ ትዪኝ ይሆናል። ለሌላ ቤተሰብ አዎ ልል እችላለሁ። ላንቺ አሁን አይሆንም። አንዷ ሐዋሳ፣ አንዱ መንገድ ላይ፣ አንዷ ዳባት። ቤት የምትውሉት ሁለት ናችሁ፤ አንቺም ኢንተርኔት የምትጠቀሚ አልመሰለኝም። መብራት ሲሄድ ደግሞ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ክረምት ልጅሽ ስትመጣና ሦስት ሆናችሁ ስትከርሙ እንደገና አስቢበት።

ለመጀመሪያው ወር 1,500 ብር ጣሪያ አድርጊ። ከ2,000 ሩቡን ቀነስሽ ማለት ነው። ከዚህ በላይ በአንድ ወር ቁረጪ አልልሽም፤ ሰው ይነጫነጫል። የወጣውን ሁሉ አንድ ደብተር ላይ ጻፊው፣ የአምስት ብሩንም። የአየር ሰዓት ብድርም ካላችሁ እዚያው ጻፊው፤ ስትከፍሉ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ ነው የሚቆረጠው፣ ስለዚህ ብድር የለመደ ስልክ ሁልጊዜ ከዕዳ ነው የሚነሳው።

ልዘጋው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለቤትሽ ከመንገድ ሲመለስ ደክሞት በጊዜ ይተኛል አይደል? ስልኩ ያኔ የት ነው የሚቀመጠው? ነገ ማታ ልጁን ምንም ሳትዪው የአባቱን ስልክ አንሺና ሆትስፖት የሚለውን፣ ኢንተርኔቱን ለሌላ ስልክ የሚያጋራውን፣ እይ። በርቶ ካገኘሽው፣ ጥፋቱ የልጁ ነው ሲል የከረመው ባለቤትሽ ሳያውቀው ልክ ነበር፤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ በዪልኝ።